አራሚዋና እህቷ

ማተሚያ ቤታችን ውስጥ «አራት ነጥብ» ነበር የምንላት፤ ከጀርባዋ ማለቴ ነው፣ ፊት ለፊትማ «እትዬ» ነች። ስሙን ያወጣላት የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ነው። እሷ አንዴ ከተናገረች ክርክር የለም፣ ነገሩ ተዘጋ ለማለት ነው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከፊቷ ተቀምጬ አንብቤላታለሁ። ሥራችን እንዲህ ነበር፦ እኔ ደንበኛው ያመጣውን የእጅ ጽሑፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ እሷ ደግሞ ለኅትመት ፊደሉ ተለቅሞ የወጣውን ቅጂ ፊቷ ዘርግታ፣ ማስመሪያዋን ከመስመር ወደ መስመር እያወረደች ታርማለች። ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ማሽኖቹ ሲነሱ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ የሻይ ብርጭቆ ካልጠበቁት እየተንሸራተተ ጠርዝ ላይ ይደርሳል። የእሷ እጅ ግን ውልፍት አይልም።

ከጽሑፉ በፊት የምታርመው እኔን ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን የአንድ ድርጅት መጽሔት ሳነብላት «ዋና ሥራ አስኪያጁ» የሚለውን አላልቼ አነበብኩት መሰለኝ፣ ማስመሪያዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

«አጥብቂው እንጂ! ሰውዬው ሥራ አስኪያጅ ነው ወይስ ዋናተኛ?»

«መምህራኖች» የሚል ቃል ካጋጠማት «ይኸው ደግሞ፣ ኮት ላይ ኮት ደርቦ መጣ» ትላለች። «ሕፃናቶች»ም «ቃላቶች»ም ያው ናቸው፣ በሙቀት ኮት የደረቡ። ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን «መጣሁ» መባል ሲገባው «መጣው» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ነው።

«‹ሁ› ምን በድላቸው ነው ከቤት ያባረሯት?» ትላለች፣ ቀዩን እስክሪብቶ ወረቀቱ እስኪቀደድ እየተጫነች። «‹በላው› ካልሽ እኮ የበላው ሌላ ሰው ነው። የገዛ ጉርሻውን ለሌላ ሰው የሚሰጥ እንዲህ ያለ ቸር አይቼ አላውቅም።»

ያኔ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ሰውም ይወዳት ነበር ማለት ይቻላል፤ እየፈራት ይወዳት ነበር። ከእኛ ቤት የወጣ መጽሐፍ ስሕተት የለበትም ይባል የነበረው በእሷ ነው።

እህቷን ያወቅኳት ቀሚስ ላስጠብብ ሄጄ ነው። እህቷን እዚህ ላይ «ታናሿ» ልበላት። በስድስት ዓመት ታንሳታለች፤ ሁለቱም አላገቡም፤ እናታቸው በሞተችበት ቤት አብረው ይኖራሉ። ታናሿ ከቤታቸው ሦስት በር አለፍ ብሎ፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ሰው ቆሞ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ያለው ክፍል ተከራይታ ትሰፋለች። ጨዋታ አዋቂ ነች። መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንኳ ታወራለች። እኔ ስገባ አንዲት ወፍራም ደንበኛ «ሰፋ አድርጊው» እያለች ስትነዘንዛት፣ «ጨርቁ እኮ እንደ ሆድ አይለጠጥም የኔ እመቤት፣ አልቋል» ብላ ሴትዮዋን ራሷን አሳቀቻት። እትዬ የገባች ጊዜ ግን ወሬው ቀጥ አለ። ታናሿ ፔዳሏን ብቻ ትረግጥ ጀመር።

ምክንያቱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። እትዬ አሥረኛ ክፍል፣ ታናሿ አራተኛ ክፍል ሳሉ እናታቸው እግሯ ተያዘና አልጋ ላይ ዋለች። አባት ቀደም ብሎ ሞቷል። አጎታቸው መጥቶ መከረ። «ትልቋ ጫፍ ደርሳለች፣ ትጨርስ። ትንሿ እናቷን ትርዳ፤ ለአንድ ዓመት ነው» አለ። እናትየዋ አሥራ አንድ ዓመት ተኛች። ታናሿ እናቷን ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ አደገችና ደብተሯ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ። ትልቋ ተማረች፣ ተመረቀች፣ ማተሚያ ቤት ገባች። እትዬ ይህን የነገረችኝ አንድ ቀን ምሳ እየበላን ነው፣ የአየር ጠባይ የምታወራ ይመስል። «የእሷ ዕጣ ሆነ» አለችና የምሳ ዕቃዋን ዘጋች።

ቤት ውስጥም ታርማት ነበር። ታናሿ ሆስፒታልን «ኦስፒታል»፣ ኮምፒውተርን «ኮፒተር» ትላለች። እትዬ ሹካዋን አስቀምጣ ትክክለኛውን ታስብላታለች፤ አንዴ ሁለቴ አይደለም፣ እስኪስተካከል ድረስ። «ለራሷ ብዬ ነው» ትለኛለች። «እኔ ካላረምኳት ማን ያርማታል? ሰው ይስቅባታል።»

መጀመሪያ የሳቀችባት ግን እሷው ነች። ታናሿ ክፍሏን ስትከፍት፣ ለማንም ሳታሳይ፣ ካርቶን ላይ ማስታወቂያ ጻፈች። ፊደሎቹን በጨርቅ ጠመኔ ነድፋ በሰማያዊ ቀለም አደመቀቻቸውና በሩ ላይ ሰቀለችው፦ «ልብስ እንሰፋለን ሱሪ እናጠባለን»። እናጠብባለን ለማለት ነው፤ አንዲት «ብ» ጎደለቻት። እትዬ ከሥራ ስትመለስ አይታው መንገድ ላይ ቆማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ምነው እታለም? ምን ሆንሽ?» አለች ታናሿ እየሮጠች ወጥታ።

«ሱሪውን በጡት ነው በጡጦ የምታጠቢው?»

በማግስቱ ቢሮ ነገረችን። እኛም ተንከተከትን። የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ሳቁ አልበቃው ብሎ፣ ቅዳሜ ሱሪ ይዞ እዚያው ድረስ ሄደና «ሱሪዬ ከጠዋት ጀምሮ እያለቀሰብኝ ነው፣ አጥቢልኝ» አላት። ታናሿ ሱሪውን ተቀበለችው፣ አጠበበችለት፣ አጣጥፋ ሰጠችው። ካርቶኑንም በዚያው ቀን አወረደች። በምትኩ ምስማሩ ላይ አሮጌ ሱሪ ሰቀለች፤ ከዚያ ወዲያ ማስታወቂያዋ እሱ ሆነ። እትዬ ስትነግረኝ እንደ ተራ ነገር ነበር፦ «ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ትታልኝ እንኳ አትወጣም። የምትሄድበትን ለጎረቤት ነግራ ነው የምትሄደው።»

ሹፌሩ የመጣው ያንን የተሰቀለ ሱሪ አይቶ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ሩቅ ሩቅ አገር የሚመላለስ። የተተረተረ ኪሱን ሊያሰፋ ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ከተማ በገባ ቁጥር አንድ የሚተረተር ነገር አያጣም። ሰፈሩ «ይሄ ሰውዬ ልብሱን በጥርሱ ነው እንዴ የሚያወልቀው?» እያለ ይቀልድ ነበር። ዓመት ገደማ እንዲህ ከቆየ በኋላ ከመንገድ ላይ ደብዳቤ ጽፎ በባልደረባው ላከላት። ጽሕፈቱ የተወሳሰበ ስለሆነ ታናሿ ለእህቷ ሰጠቻት። «እታለም፣ እስኪ አንብቢልኝ» አለቻት። ፊቷ ቀልቶ ነበር አሉ።

እትዬ አነበበችላት፤ እስክሪብቶዋን እንደያዘች። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱ ላይ አሥራ አራት ቦታ ቀይ ነበር። «ልማድ ሆኖብኝ» አለችኝ በኋላ፣ «እጄ ሲሠራ አላየሁትም።» መጨረሻው ላይ «እወድሻለው» ይላል።

«ይኸው፣ ‹እወድሻለው›» አለቻት እየሳቀች። «እሱ አይደለም የሚወድሽ ማለት ነው። ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ ማን እንደሆነ ፈልጊው።»

ታናሿ አልሳቀችም። ደብዳቤውን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና «መልሱን አንቺ ጻፊልኝ» አለች። «የኔ እጅ አይሆንም።»

እትዬ ከልቧ ጻፈችላት። እዚህ ላይ ማንም እንዳይፈርድባት እፈልጋለሁ፤ ከልቧ ነው። ሁለት ገጽ ነበር። ለእኔም አነበበችልኝ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢጻፍልኝ ብዬ ቀናሁ፤ አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ የለችም፣ ቃሉ ሁሉ እንደተወለወለ ብርጭቆ ያበራል። ታናሿ ከሥር ምልክቷን አኖረችና ተላከ። ሹፌሩ ግን ተመልሶ አልመጣም። መኪናው በዚያ መንገድ ሲያልፍ ያዩት ነበሩ፤ አልቆመም።

«አየሽ ወንድ ልጅን» አለችኝ እትዬ። «ቁም ነገር ሲመጣ ይፈረጥጣል።»

ታናሿ ልብስ መስፋቷን ቀጠለች። ለጠየቃት ሰው ሁሉ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ትላለች። ሁለት ዓመት ያህል «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለች፣ ከዚያ ሰውም መጠየቁን ተወ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ግማሹን እትዬ ራሷ፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ነግራኛለች።

ሹፌሩ ከቀረ በአሥራ አንደኛው ዓመት የታናሿ ድምፅ መጎርነን ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። እያደር ቃሉ ግማሹ ጉሮሮዋ ውስጥ እየቀረ ይወጣ ጀመር። «ጉሮሮሽን ጠርገሽ ተናገሪ» ትላት ነበር እትዬ፣ «ቃሉን አትዋጪው።» አምስት ወር ሙሉ እንዲህ አለቻት። በስድስተኛው ወር ታናሿ ምራቋን ስትውጥ ደም አየችና ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ማንቁርቷ ላይ እብጠት አለ፣ ከነማንቁርቷ መውጣት አለበት፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ የሚባል አይኖራትም ተባሉ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት እትዬ እጇን ይዛ እስከ በሩ አብራት ሄደች። ታናሿ ቀሚሱ ስስ ሆኖባት ትንቀጠቀጣለች። ቀና ብላ በዚያ በተቀደደ ድምፅ፣ «ኦስፒታሉ እንዴት ይበርዳል እታለም» አለቻት።

«ሆስፒታል» አለች እትዬ።

በሩ ተዘጋ። ከእህቷ አፍ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ያ ነው፤ የመለሰችላትም እሱን ነው።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ከእትዬ ጋር ሄድኩ። ታናሿ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ አንገቷ ላይ የሚያፏጭ ቱቦ አለ። ስታየን ፈገግ አለችና ጭኗ ላይ የነበረ ደብተር ትራሷ ሥር ከተተች። እትዬ ብትጠይቃት፣ ብታዋራት፣ የምትመልሰው በራሷ ንቅናቄና በእጇ ነው። ውሃ ሲያምራት ብርጭቆውን ታሳያለች።

«ለምን አትጽፍም?» አለቻት እትዬ ነርሷን፣ ኮሪደር ላይ። «አቅም አነሳት እንዴ?»

ነርሷ ገርሟት አየቻት። «ኧረ እርስዎ ሲመጡ ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ነው የምትውለው! በሳቅ ልትገድለን ነው። ለዋናው ሐኪም እንኳ ‹ካፖርትህ ትከሻው ላይ ተጣሟል፣ ስድን አስተካክልልሃለሁ› ብላ ጻፈችለት።»

እትዬ ቦርሳዋን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ስለ ክትባት የሚያወራ ማስታወቂያ አነብ ጀመር።

በሳምንቱ እንደገና አብረን ሄድን። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ታናሿ ትጽፋለች፤ ቶሎ ቶሎ፣ ጎንበስ ብላ፣ አንገቷ ላይ ያለውን ቱቦ የረሳች ይመስላል። ደብተሩን ስትሰጠው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል፣ ይስቃል፣ ከዚያ እርሳሱን ተቀብሎ እሱም ይጽፋል። አፍ እያለው፣ መናገር እየቻለ ይጽፍላታል። እሷ ታነብና ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ሳቅ ነው፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ።

እትዬ በሩን ገፋች። ታናሿ ቀና አለችና ደብተሩን ዘጋች።

ሹፌሩ ነበር። ከስፌት ክፍሉ ጎረቤት ሰምቶ ነው የመጣው። ተነሥቶ ሰላም ብሎ፣ ቆቡን እያሻሸ ሲወጣ እትዬ ተከተለችው። ኮሪደሩ ላይ እሱ ነው ቀድሞ የተናገረው።

«ታላቅየዋ እርስዎ ነዎት አይደል? አሁን አግብቼ ሦስት ወልጃለሁ፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልዎ። ልጠይቃት ነው የመጣሁት።»

«ደግ አደረጉ» አለች እትዬ።

«ያኔ ደብዳቤ ጽፋልኝ ነበር። ማንበቡ ቢከብደኝ ለባልደረባዬ አስነበብኩት። ሁለት ጊዜ አንብቦልኝ ግማሹ አልገባንም። ‹ይቺማ ትልቅ የተማረች ሴት ናት፣ አንተን ምን ታደርግሃለች፣ መሳቂያ ልትሆን ነው› አለኝ። እኔ እንደኔው ትመስለኝ ነበር እኮ። አፈርኩ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያወራሁት ሁሉ እየታወሰኝ አፈርኩና ቀረሁ።» ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። «ዛሬ ግን እጇን ሳየው… ያንን ደብዳቤ የጻፈው እጅ አይደለም።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች እትዬ።

ሰውዬው ቆቡን ማሻሸቱን አቆመ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። «ቆንጆ ጽሑፍ ነው» አለና ቆቡን ደፍቶ ደረጃውን ወረደ።

እትዬ ተመልሳ ገባች። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ቀረሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና፣ እኔ እንኳ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «ለሁሉ እየጻፍሽ ለእኔ ለምንድን ነው የማትጽፊልኝ?» አለቻት።

ታናሿ እጇን ትራሷ ሥር ሰደደች። ከዚያ ደብተሩን አውጥታ አንድ መስመር ጻፈችና አዙራ አሳየቻት፦

«ስጽፍ እፈራሻለው»።

«መጀመሪያ ያየሁት ምኑን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ እትዬ በኋላ። «‹ው›ዋን። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ እኮ፣ እስክሪብቶ ፍለጋ። ምን እንዳለችኝ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

ያን ቀን ማለችላት። «ከእንግዲህ አንዲት ፊደልሽን ብነካ እጄ ይቆረጥ። እንደመጣልሽ ጻፊልኝ፣ እንደፈለግሽ።» ታናሿ እጇን መታ መታ አደረገቻት፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ።

የዕድሜ ልክ ፍርሃት ግን በአንድ መሐላ አይለቅም። ቤት ከገቡ በኋላ ታናሿ ለእህቷ ትጽፍ ጀመር፤ ግን አንዳንድ ቃል ብቻ። «ውሃ»። «በቃ»። «መስኮት»። እትዬ ምን ምን እየመረጠች እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ፈጀባት። ታናሿ የምትጽፈው እርግጠኛ የሆነችበትን ቃል ብቻ ነበር። ከሁለቱ ዓይነት «ሰ»፣ ከሦስቱ ዓይነት «ሀ» የቱ እንደሚገባ የሚያጠራጥራትን ሁሉ ትሸሸዋለች። «መስኮት» ብላ ስትጽፍ እትዬ እየሄደች መስኮቱን ትከፍታለች፤ ታናሿ በራሷ ንቅናቄ እሺ ትላለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሆነ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ታናሿ ራሷ ተነሥታ ወንበሯን እየጎተተች መስኮቱ ሥር ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ ወስዳ ተቀመጠች። መስኮቱ እንዲከፈት አልነበረም የምትፈልገው፤ ፀሐይ ነው። «ፀሐይ» ብሎ ለመጻፍ ግን ሁለት ቦታ መሳሳት ይቻላል።

ሕመምም እንደዚያው ነው። እትዬ በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ? ያምሻል?» ትላታለች። ታናሿ «ይሻላል» ብላ ትጽፋለች። በየቀኑ «ይሻላል»። ደብተሩን በኋላ አይቼዋለሁ፤ ከላይ እስከ ታች «ይሻላል» ብቻ የሆነ ገጽ አለው። ትከሻዋን ይቀስፋት እንደነበር፣ ጎኗን እንደሚወጋት፣ ተኝታ መተንፈስ እንዳቃታት እትዬ ያወቀችው ታናሿ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ወድቃ ስትገኝ ነው።

ሆስፒታል ሲመለሱ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጎ አየና «ወደ ሳንባዋ ተዛምቷል፤ ይሄ እኮ ወር ያለፈው ነው» አለ። «ሲያማት አትነግርዎትም ነበር?»

«አልነገረችኝም።»

«ደብተር ነበራት አይደል? ለነርሶቹ ሁሉን ትጽፍ ነበር።»

«አላት» አለች እትዬ። «ደብተር አላት።»

ሐኪሙ ቀድሞ ቢታወቅም መዳኑን እንጃ አላት፤ ስቃዩን ግን ማስታገስ ይቻል ነበር። በዘጠነኛው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ታናሿ አረፈች። እትዬ አጠገቧ ነበረች። በመጨረሻዎቹ ቀናት እርሳሱን መያዝ አልቻለችም።

እትዬ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ገባች። ፈርተን ነበር። እሷ ግን ማስመሪያዋን አንሥታ «አንብቢ» አለችኝ። አነበብኩ፣ አረመች። ዓይኗ እንደድሮው ነው፣ አንዲት ነጥብ አያመልጣትም። የተለወጠው ስሕተቱን ጮክ ብላ አለመናገሯ ነው፤ ምልክት ታደርጋለች፣ ታልፋለች። አንድ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ሊያጫውታት ብሎ መንገድ ላይ ያየውን የተበላሸ ማስታወቂያ ይነግረን ጀመር። ገና ሳይጨርስ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች። ሰውዬው ቀይ ሆኖ ቀረ። የራሱ ሱሪ ትዝ ያለው ያኔ ይመስለኛል።

የስፌት ክፍሉን ለባለቤቱ ማስረከብ ነበረባት። ውስጡ ሠላሳ ሰባት ልብስ ተሰቅሏል፤ የተጠናቀቀ፣ ግማሽ የደረሰ፣ ያልተነካ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። እያንዳንዱ ልብስ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ ታናሿ ለራሷ የጻፈቻት ማስታወሻ።

እትዬ የመጀመሪያዋን ነቅላ አነበበች። ከዚያ ቁጭ አለች።

ወረቀቶቹ ማንም እንዲያያቸው የተጻፉ አልነበሩም። ፊደሉ ሁሉ እንደመጣ ነው፤ ስሕተት የሌለበት ወረቀት ጥቂት ነው። ቃሉ ግን ይሮጣል። «የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ጉርድ። ወገቡ ይስፋ። ወፈርሽ እንዳትያት ጨርቁ ጠበበ በያት»። «የዚያ የተቆጪው ሰውዬ ሱሪ። እስከ ሀሙስ ቃል ገብቻለው፣ ካልደረሰ መደበቅ ነው»። «የሙሽራዋ። ደረቱን ተይው፣ አርግዛለች፣ ለናቷ ገና አልነገረችም»። አንዷ ደግሞ ከአንድ ሽማግሌ ጃኬት ላይ፦ «ክንዱ አልቋል። ሳይጠይቀኝ ለጥፌለታለው፣ ያፍራል»።

እትዬ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበች። አንዳንዱ ላይ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ እኔ አለቀስኩ። «እንደዚህ ነበር እንዴ የምታወራው?» አለችኝ። «እንደዚህ ነበር ከሰው ጋር የምታወራው?»

«አዎ እትዬ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ተገኘች፣ ሙሽራዋ ሆዷ ገፍቶ መጣች፣ ተቆጪው ሰውዬ ሳይቆጣ ተቀበለ። ያልደረሰውን ሌላ ሰፊ ዘንድ ወስደን አስጨረስን። የሽማግሌውን ጃኬት ቤቱ ድረስ ወሰድንለት፤ ክንዱን አይቶ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ወረቀቶቹን እትዬ ለማንም አልሰጠችም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጣች። አሁን እኔ ነኝ በእሷ ቦታ የተቀመጥኩት። አልፎ አልፎ እሑድ ቤቷ እሄዳለሁ። ብዙ አናወራም፤ ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ትነግረኛለች፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች እነግራታለሁ። ባለፈው ስሄድ ሻይ እየቀዳችልኝ፣

«አንቺ ድምጿ ትዝ ይልሻል?» አለችኝ።

«የማን? የታናሽሽ?»

«እኔ ጠፋብኝ። ቁጭ ብዬ ልሰማት እሞክራለሁ፣ አይመጣልኝም። ቀጭን ነበር? ወፍራም ነበር? ስትጠራኝ እንዴት ነበር የምትጠራኝ?» እጇን እጇ ላይ አደረገች። «የተሳሳተችውን ግን አንድ ሳይቀር አስታውሳለሁ። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ። በየትኛው ቀን የትኛውን ቃል እንዴት እንዳለችው ልነግርሽ እችላለሁ። ድምጿን ነው ያጣሁት።»

እኔ ትዝ ይለኝ ነበር። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ያለችው ሁሉ ትዝ ይለኛል። ግን ድምፅን ለሰው እንዴት አድርገው ይሰጣሉ? ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ላጥብ ገባሁ።